አርባ ሁለት ቁጥር

ሐሙስ ዕለት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ሮም ውስጥ፣ አንድ አምስተኛ ፎቅ ሰገነት ላይ ስልክ ጮኸ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከሰገነቱ በር ኋላ፣ ቀዝቃዛው የሸክላ ወለል ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ ከስቶክሆልም ይዤው የመጣሁትን የሥዕል ደብተር ቀለም እቀባ ነበር። ስልኩን ያነሱት ያረፍንባቸው እትዬ ሂሩት ናቸው፤ የአክስቴ የጥንት ጓደኛ። አክስቴ መታጠቢያ ቤት ነበሩ። የውሃው ድምፅ ይሰማኛል።

«ወንድሜ! ምነው ድምፅህ?» አሉ እትዬ ሂሩት። የደወለው አባዬ መሆኑ ገባኝ።

ቀና ብዬ አየኋቸው። በአንድ እጃቸው የሰገነቱን ብረት ጨብጠዋል።

«የኛ ዳዊት? ... ዛሬ ጠዋት? ... መኪና? ... እግዚኦ! እግዚኦ! ... የለም፣ እዚህ አይሆንም። እኔ ብቻዬን ምን ላደርጋት ነው? ማን ይይዛታል? ቅዳሜ እናንተ ጋ ትግባና እሁድ ጠዋት ሰው ተሰብስቦ ይነገራት።»

ዳዊት የአክስቴ ልጅ ነው። አንድ ልጃቸው። አዲስ አበባ ነበር የሚኖረው፤ ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። እኔ በፎቶ እንጂ በአካል አይቼው አላውቅም።

እትዬ ሂሩት ዞር ሲሉ አዩኝ። ተንበርክከው ሁለቱን ጉንጮቼን ያዙ። እጃቸው ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

«ሰምተሻል?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ለአክስትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። በሰው አገር፣ ዘመድ በሌለበት፣ መርዶ አይነገርም። እዚህ ብትሰማ ልቧ ቀጥ ይላል። ገባሽ?»

ገባኝ። እንደ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ገባኝ፤ ከተናገርሁ አክስቴ እዚያው ይሞታሉ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ የቆዳ ሽታ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አባዬ የክረምት ጎማዎቹን እንዳቀብለው ስቶክሆልም ዳር ፊቲያ ወዳለው ቤታችን ምድር ቤት ላከኝ፤ ፎሮድ ወደምንለው የዕቃ ማስቀመጫ። ከጎማዎቹ ኋላ አንድ የጫማ ካርቶን አገኘሁ። ስከፍተው ሽታው ገና አዲስ ነው፤ ይህን ያህል ዓመት በጎማና በአቧራ መሀል ተቀምጦ እንኳ። ማሰሪያዎቹ እንደታጠፉ ናቸው። የካርቶኑ ጎን ላይ በእስክሪብቶ 42 ተብሎ ተጽፏል። ክዳኑን መልሼ ጎማው ላይ ተቀመጥሁ። የምድር ቤቱ መብራት በራሱ ጊዜ ጠፋ፤ ተነሥቼ አላበራሁትም።

ሮም በሄድንበት በዚያ በጋ ሥራዬ የአክስቴ ጆሮ መሆን ነበር።

አክስቴ ጥሩወርቅ የአባዬ ታላቅ እህት ናቸው። ዳዊት ስምንት ዓመት ሲሞላው ለአያቱ ሰጥተውት ለሰው ቤት ሥራ ጣሊያን ገቡ፤ ከዚያም ስዊድን። እኛ ካለንበት ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ስዊድንኛቸው መሥሪያ ቤት ለማጽዳት ይበቃል፤ ለስልክ ግን አይበቃም። ስለዚህ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ፣ ስልካቸው ላይ ትንሿ የፖስታ ምልክት፣ ሰው ደውሎ ድምፁን ቀድቶ ትቷል የምትለው፣ በመጣች ቁጥር «ጆሮዬ፣ ነይማ!» ብለው ይጠሩኛል። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ። የመልእክቶቹን ቁጥር እደውላለሁ። አንዲት የተቀዳች ሴት፣ ሁልጊዜ ደስ ያላት የምትመስል፣ ስንት መልእክት እንዳለ ትናገራለች። ሰምቼ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። ቤት ውስጥ ለሁሉም በስዊድንኛ ነበር የምመልሰው፤ ከእሳቸው ጋር ግን አይሆንም።

«የጥርስ ሐኪም። ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት።»

«ማክሰኞ በአራት ሰዓት ቀጠሮ አለዎት፣ በዪ። እንደ ቴሌግራም አትቁረጪው። አማርኛው በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል፣ አንቺ አትከፍቺለትም።»

መልእክቱ ሲያልቅ ሴትዮዋ ለማስቀመጥ ሁለት፣ ለማጥፋት ሦስት ተጫኑ ትላለች። አክስቴ ሁልጊዜ «አጥፊው፣ አጥፊው፤ ስልኩን ያጨናንቀዋል» ይላሉ። መልእክት እንደ ዕቃ ቦታ የሚይዝ ይመስላቸው ነበር። እኔም ሦስትን እጫናለሁ። ጣቴ ለምዶታል።

ዳዊት ግን መልእክት ትቶ አያውቅም። እሱ አንዴ አስጩሆ ይዘጋል፤ አክስቴ መልሰው ይደውላሉ። እንዲህ ነበር የሚገናኙት።

ሮም የሄድነው ለአንድ ሳምንት ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከዳዊት ጋር ሲነጋገሩ አጠገባቸው ነበርሁ። «የጫማ ቁጥርህ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁት። ሳቁ ከስልኩ ወጥቶ ተሰማኝ። «ይኸው አሁን ያደረግሁት ቁጥሩ ጠፍቷል፤ ለክቼ እነግርሻለሁ» አለ። ማታ ላይ ደግሞ ባትሪ ጨርሶ የነበረው ስልካቸው ሲበራ ያቺ የፖስታ ምልክት መጣች። አክስቴ አሳዩኝ።

«የጥርስ ሐኪሟ ትሆናለች። ከዚህ ሲከፈት ብዙ ገንዘብ ይቆጥራል። ስቶክሆልም ስንገባ ትከፍቺልኛለሽ።»

በማግስቱ ሐሙስ ነው አባዬ የደወለው።

ዓርብ ጠዋት በባቡር ወደ ኦርቪዬቶ ሄድን። ቀድሞም የታሰበ ጉዞ ነበር፤ አክስቴ እዚያች ከተማ አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት ሲያስታምሙ ስድስት ዓመት ኖረዋል። እትዬ ሂሩት አብረውን ሊሄዱ ነበር፤ ራሴን አመመኝ ብለው ቀሩ። በር ላይ አክስቴ ጫማቸውን ሲያስሩ፣ እትዬ ሂሩት የአክስቴን ስልክ አጥፍተው ከቦርሳዬ ግርጌ ከሹራቤ በታች ከተቱት። «ከአዲስ አበባ ሰው ሊደውልባት ይችላል» አሉ በጆሮዬ። «ቤት ከዋለች ደግሞ ፊቴን ታነበዋለች። ውጪ ትዋል።» ቦርሳዬን ለብቻዬ ይዤ ወረድሁ።

ባቡሩ ውስጥ አክስቴ ከመስኮቱ አጠገብ አስቀመጡኝ። ዓርብ ስለሆነ ዳቦና ቲማቲም ነበር የያዝነው። የሱፍ አበባ እርሻ እያለፈ ድንገት ዞር አሉ።

«ሂሩት ዓይኗ ምን ሆኖ ነው?»

አንድም ቃል ሳልስት፣ በጠራ አማርኛ፣ «ሽንኩርት ሲከትፉ ነበር» አልሁ።

አክስቴ ተገርመው አዩኝና ሳቁ። «እሰይ የኔ ልጅ! ሲከትፉ ነበር! ይኸው፣ ስትፈልጊ ትችያለሽ!» ጭንቅላቴን ሳሙኝ። ያን ቀን የመጀመሪያው የጠራ አማርኛዬ ውሸት ነበር፤ ለእሱም ተመሰገንሁ።

መንገዱን ሁሉ ስለ ዳዊት አወሩ። ዳዊት ሽሮ ሲበዛበት እንደሚያኮርፍ፤ ዳዊት ጎረቤት ላሉ ባልቴት ውሃ እንደሚቀዳ፤ ዳዊት በመጪው ዓመት ስቶክሆልም ሲመጣ በረዶ ላይ እንደሚወድቅና እኔ እጁን ይዤ እንደማስተምረው። በእሳቸው አፍ ዳዊት ይበላል፣ ያኮርፋል፣ ይስቃል። እያዳመጥሁ አንድ ነገር ወሰንሁ። ዳዊት ገና አልሞተም። የሚሞተው እሁድ ጠዋት፣ ሲነገራቸው ነው። ትልልቅ ሰዎች ቀኑን ቆርጠውለታል። እስከዚያ ሁለት ቀን አለው። ባቡሩ ቢሰበር ሦስት ይሆንለታል።

ከተማዋ ገደል አፋፍ ላይ ናት። ከጣቢያው በገመድ የሚጎተት ትንሽ ባቡር ሽቅብ ወሰደን። አክስቴ ከዚያ በኋላ ማንንም መንገድ አልጠየቁም፤ ጉልበታቸው እያመማቸው ከፊቴ ቀድመው፣ በጠባብ የድንጋይ መንገዶች መሀል፣ አንድ አረንጓዴ በር ፊት ቆሙ።

«እዚህ ነው። ያ ሰገነት ይታይሻል? አበቦቹን የማጠጣው እኔ ነበርሁ።»

ሰገነቱ ላይ አበባ የለም፤ ብስክሌት ተሰቅሏል። ደወሉን ተጫኑ። የአንዲት ወጣት ድምፅ ከግድግዳው ወጣ። አክስቴ በጣሊያንኛ አወሩ፤ የአሮጊቷን ስም ደጋግመው ጠሩ። ድምፁ አጭር ነገር ብሎ ጠፋ።

«ምን አለችዎት?»

«አላውቃትም አለች።» ከዚያ በሩን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ ሰው ትከሻ እንደሚነካ። «ስድስት ዓመት አጥቤ፣ አጉርሼ፣ ዓይኗን የከደንኋት እኔ ነኝ። የልጄን ዓይን ሳላይ።»

ጥቁርና ነጭ ሸንተረር ያለውን ትልቁን ቤተ ክርስቲያን ከውጪ ተሳልመን፣ ከከተማዋ ጫፍ ላይ ወዳለው ጥንታዊ የውሃ ጉድጓድ ሄድን። ጉድጓዱ እንደ ግንብ ወደ መሬት ውስጥ ይወርዳል። ዙሪያውን ሁለት ደረጃ ተፈልፍሎለታል፤ አንዱ መውረጃ፣ አንዱ መውጫ። የሚወርድና የሚወጣ አይገናኙም። አክስቴ በጉልበታቸው ምክንያት ከላይ ቀሩ፤ «አይተሽልኝ ነይ» አሉኝ። ብቻዬን ወረድሁ። እየወረድሁ ስሄድ ብርዱ በረታ፤ ወደ ጉድጓዱ በተከፈቱ መስኮቶች ከወዲያ ማዶ የሚወጡት ሰዎች ይታዩኛል፣ መድረስ ግን አይቻልም። ታች ስደርስ አንድ ትንሽ ድልድይ አለ፤ ከሥሩ ጥቁር ውሃ። ስልኩን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ብጥለው ማንም ሊደውልባቸው አይችልም ብዬ አሰብሁ። እጄን ዘረጋሁ።

«ሊዱዬ! ሊዱ! ደረስሽ?»

ድምፃቸው እየተሽከረከረ ከላይ ወረደብኝ። ስልኩን መልሼ ከሹራቤ ሥር ከተትሁት።

ከሁሉ የከፋው የጫማው ሱቅ ነው። በትልቁ መንገድ ላይ ያለ ጠባብ ቤት፤ ገና ሳንገባ የቆዳ ሽታ ተቀበለን። አክስቴ እዚያች ከተማ ሲኖሩ በየቀኑ በመስኮቱ ያዩት እንደነበር ነገሩኝ። አሁን ገብተው አንድ ቡናማ ጫማ አስወረዱ። ሽማግሌው ባለሱቅ ቁጥሩን ጠየቃቸው። አክስቴ ስልካቸውን ፍለጋ ቦርሳቸውን በረበሩ።

«ውይ! ሂሩት ቤት ረስቼው ወጣሁ። ለክቼ እነግርሻለሁ ብሎኝ ነበር እኮ። አንድ ደወል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።»

ቦርሳዬን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ ያዝሁ። ስልኩ በጨርቁ ውስጥ ይታወቀኛል፤ የሚሞቅ መሰለኝ።

ያኔ አክስቴ ከገንዘብ ቦርሳቸው ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ከደብተር የተቀደደ፣ እጥፋቱ በፕላስተር የተጠገነ ነው። ወረቀቱ ላይ የልጅ እግር ተስሏል። አያቱ ዳዊትን ወረቀት ላይ አቁመው እግሩን በእርሳስ ዞረውት፣ ጫማ እንዲላክለት ጣሊያን የላኩት ነው። የትንሿ ጣት ዙሪያ ጠምዘዝ ብሏል፤ ኮርኩረውት ተንቀሳቅሶ ይሆናል። የዳዊት እግር ከኔ እግር ያንስ ነበር።

ባለሱቁ ወረቀቱን አየ፤ ከዚያ አክስቴን አየ። አልሳቀም። አክስቴ በጣቶቻቸው ከወረቀቱ በላይ አየር ላይ ለኩ፤ አሁን እዚህ ይደርሳል፣ አይደለም፣ እዚህ።

«ሊዱ፣ አንቺ ምን ትያለሽ? በፎቶው ላይ ትልቅ ነው አይደል? አባቱ አርባ ሁለት ነበር። አርባ ሁለት ይሁን?»

«አርባ ሁለት ይሁን» አልሁ።

ካርቶኑን ሮም ድረስ ጭናቸው ላይ አድርገው ሄዱ። ባቡሩም አልተሰበረም። ማታ እትዬ ሂሩት ስልኩን ከቦርሳዬ አውጥተው ደበቁት፤ አክስቴ ሲፈልጉ «ነገ ይገኛል፣ አሁን ተኚ» አሏቸው። ጠዋት ደግሞ «ሳገኘው እልክልሻለሁ» ብለዋቸው፣ እንደተዘጋ መልሰው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱት።

ቅዳሜ አባዬ አውሮፕላን ማረፊያ ጠበቀን። ጢሙን አልተላጨም። ሲስቅ ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው።

«ምነው ከሳህ?» አሉት አክስቴ።

«ሥራ በዛብኝ፣ እቴ። ዛሬ እኛ ጋ ነሽ፤ ሻንጣሽን አላወጣም።»

አክስቴ ክፍሌ ውስጥ ጋደም ካሉ በኋላ እማዬ ወጥ ቤት ጠርታኝ ወረቀት ሰጠችኝ። ለቅሶው ሲነሣ ጎረቤት ፖሊስ እንዳይጠራብን መግቢያው ላይ ማስታወቂያ ይለጠፍ ተብሎ ነበር፤ ከቤቱ ስዊድንኛ አስተካክዬ የምጽፈው እኔ ነበርሁ። እኔ ደግሞ መግቢያው ላይ አይቼ የማውቀው የልደትና የድግስ ማስታወቂያ ብቻ ነው። እንደዚያው ጻፍሁ። ነገ ከማለዳ ጀምሮ ቤታችን ድምፅ ይኖራል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ብቅ ብላችሁ አብራችሁን ብትሆኑ ደስ ይለናል። ከሥሩ አንድ አበባ ሣልሁ። አባዬ ሳያነበው ለጠፈው።

እሁድ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ በጋ ስለሆነ ቀድሞም አልጨለመም። አክስቴ ከአልጋዬ ሥር ፍራሽ ላይ ተኝተዋል። አሳንሰሩ ሲመጣ ሰማሁ፤ ሲመለስ፤ ሲመጣ። የብዙ ሰው እግር፣ ድምፅ ግን የለም። ጫማቸውን ኮሪደሩ ላይ ያወልቃሉ። ከዚያ በሩ ተከፈተ። ቄሱ ከፊት፣ አባዬ ከጎናቸው፣ ከኋላ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች።

አክስቴ ቀና ብለው ተቀመጡ። መስቀሉን አዩ። ነጠላዎቹን አዩ።

«ማነው?» አሉ።

ዓይናቸው በየሰዉ ፊት እየዞረ፣ በሕይወት ያለውን ሁሉ ቆጥሮ ጨረሰ።

«ዳዊቴ ነው?»

እኔ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ደረታቸውን አየሁ። ልባቸው ቀጥ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። ጮኹ። «ያላሳደግሁህ! ልጄ ያላሳደግሁህ!» እያሉ ጮኹ፤ አራት ሴቶች እጆቻቸውን ይዘዋቸዋል። ያኔ ዳዊት ሞተ።

ረፋድ ላይ ደወሉ ተደወለ። ከኛ ፎቅ በታች ያለችው አሮጊቷ ጎረቤታችን ብሪታ ናት። ፀጉሯን አበጥራ፣ በእጇ የእንጆሪ ኬክ ይዛለች። በሴቶቹ መሀል ደጃፉ ላይ ደርቃ ቀረች። እማዬ ማስታወቂያውን ያስታወሰችው ያኔ ይመስለኛል፤ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አክስቴ ድምፃቸው ተዘግቶ «ማናት? አስቀምጧት» አሉ። ብሪታ ኬኩን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ አክስቴ ጠሩኝ። ፍራሹ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

አቀረቀርሁ። ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ አርባ ሁለት ልናገር ፈለግሁ፤ የመጣልኝ ቃል በሙሉ ስዊድንኛ ነበር።

«ምስኪን። አንቺንም አሸከሙሽ» አሉና ራሴን ደረታቸው ላይ አስጠጉኝ። አንዷ ሴት «ምን አለበት፣ ጎበዝ ናት! የሷ ዝምታ ነው በሰላም ያስገባሽ» አለች። ሌሎቹም ጎበዝ፣ ጎበዝ አሉ። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው አንድ ላይ አመስግኖኝ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ሴቶቹ ሳሎን ውስጥ እንደተደረደሩ ተኝተው ነበር። አክስቴ ግን ነቅተዋል። ግድግዳው ላይ ተደግፈው፣ ስልካቸውን እያገላበጡ ይመለከታሉ። እማዬ ማታ ከቦርሳዬ አውጥታ ሰጥታቸው ኖሯል። ስገባ ዘረጉልኝ።

«ጆሮዬ» አሉ በተዘጋ ድምፅ። «ያቺ ምልክት አሁንም አለች። እዪልኝ እስቲ። ሐኪሟ ከሆነች መምጣት አልችልም በይልኝ።»

ሰው እንዳልቀሰቅስ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍሁ። የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥሁ። ደወልሁ። ደስ ያላት ሴት አንድ አዲስ መልእክት አለ አለች፤ ረቡዕ ማታ።

«ሃሎ? እማዬ? ... አንዲት ሴትዮ በፈረንጅኛ ስታወራ ቆየችና ጡጥ ብላ ጮኸችብኝ። ትሰሚኛለሽ? እሺ ... ለካሁት። አርባ አራት ነው። አርባ አራት! እግሬ በማን እንደወጣ እንጃ።» ሳቀ። ከኋላው መኪና ሲያልፍ ይሰማል። «አይ፣ ጫማው ይቅር ግን። አንቺ ብቻ ነይ። በቃ፣ ቻው እማዬ። እንዴት ነው የሚዘጋው ይሄ ...»

ከዚያ ሴትዮዋ ለማስቀመጥ ሁለት፣ ለማጥፋት ሦስት አለች።

አርባ ሁለት ይሁን ያልሁት እኔ ነኝ። ካርቶኑ ሻንጣቸው ውስጥ፣ ከአልጋዬ ሥር ነው። አክስቴ ደግሞ ትናንት አንዴ ሰምተው ተርፈዋል፤ ሁለተኛ ሲሰሙ ግን ልባቸው ይችል እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። ጎበዝ ልጅ ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ።

ሦስትን ተጫንሁ።

የሽንት ቤቱን ውሃ ለቅቄ፣ እጄን ታጥቤ ወጣሁ። አክስቴ ቀና ብለው ጠበቁኝ።

«ማን ናት?»

«የጥርስ ሐኪሟ ናት» አልሁ። «ቀጠሮው ወደ ሌላ ቀን ተዛውሯል አለች።»

«አጠፋሽው?»

«አዎ፣ አጥፍቼዋለሁ።»

«ተባረኪ» አሉኝ። «አማርኛሽ እንዴት ጠራ።»